ጓዳና ጓሮ፦ ቅዳሜን የበላው የልብስ ክምር

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፣ ከድሬዳዋ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ልብስ እጥበት ናቸው። ሙቀቱ ነው መሰለኝ። በዚህ ላብ ሰው በቀን ሁለቴ ቢቀይር አይፈረድበትም። ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ የልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አንሶላ ከእኔ በላይ ያየ ካለ እጁን ያውጣ። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችሁን ቤት የምትመስል ናት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሳቢያን ነው፤ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ተከራይተን። ልጆች ሦስት ናቸው፤ ትልቋ 12፣ መካከለኛው 9፣ ትንሹ 5 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ጋራዥ ይሠራል። አማቴም አብረውን ናቸው። የማጥበው ከማድ ቤት ጀርባ ባለች ቦታ ነው፤ 1 ሜትር በ2 ሜትር ብትሆን ነው። እዚያች ላይ ሮቶ አለ፣ ጀሪካን አለ፣ ሳፋ አለ፣ የልጆች ሳይክል ሳይቀር አለ። ውሃ በፈረቃ ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሳጥብ እውላለሁ፤ እሑድ ወገቤን ይዤ እተኛለሁ። ያም ሆኖ ነጭ ሸሚዞቹ አመድ መስለዋል። ባለፈው ደግሞ የባለቤቴ ሽርጥ ቀለሙን ለቆ የልጄን የዩኒፎርም ሸሚዝ ሮዝ አደረገው። ባለቤቴ አውቶማቲክ ማሽን ልግዛ ይላል። አማቴ ማሽን አያጠራም ይላሉ። እርስዎስ ምን ይሉኛል?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከሳቢያን

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሳይክሉ ይውጣ። የትም ይሂድ፣ ከዚያ ግን ይውጣ። ከወጣ በኋላ ቦታሽን እንደ አዲስ ታዪዋለሽ።

አሁን ወደ ቅዳሜ። ሁሉን ልብስ በአንድ ቀን ማጠብ የደጋ ሰው ልማድ ነው። እዚያ ክረምት ላይ ጂንስ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ ሰዉ ፀሐይ ያገኘ ዕለት ያለውን ሁሉ ያወጣል። ድሬ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ቀጭን ሸሚዝ ጠዋት አስጥተሽ ቁርስ አቅርበሽ ስትመለሺ ደርቆ ይጠብቅሻል። እኛ ጋ ፀሐይ ሞልቷል፤ የሚቸግረው ውሃ ነው። እና ፕሮግራምሽ ለምን ቅዳሜን ይከተላል? ውሃውን ይከተል እንጂ።

ማክሰኞ ውሃ ሲመጣ ብዙ ውሃ የሚጠጣውን እጠቢ፤ አንሶላ፣ ፎጣ፣ የአልጋ ልብስ። ዓርብ የጋራዡን ልብስና የቀረውን ቀለም ያለው ልብስ። ዩኒፎርም ሁለት ሁለት ካላቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የወለቀው ሸሚዝ ያኔውኑ በአንድ ባልዲ ውሃ ይታጠባል፤ ሳይመሽ ይደርቃል። የውስጥ ልብስና ካልሲ ደግሞ ልጆቹ ገላቸውን ሲታጠቡ በራሳቸው እጅ ያሹት። የ12 ዓመት ልጅ ካልሲ ማጠብ ትችላለች። የ9 ዓመቱም ይችላል፤ ወንድ ነው ተብሎ አይታለፍ። ትንሹ መቆንጠጫ ያቀብል። እንዲህ ከሆነ ቅዳሜ የሚቀርሽ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ቦታዋን እንዲህ አድርጊያት። ወገብሽን የጎዳው ጎንበስ ማለቱ ነው። በብሎኬትና በወፍራም ጣውላ፣ ከዳሌሽ ትንሽ ዝቅ የሚል መደብ አሠሪ። 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሳፋው ላዩ ላይ ሲቀመጥ ቀጥ ብለሽ ታሺያለሽ። ጀሪካኖቹ ከሥሩ ይግቡ። ጀሪካን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ እንዳትሰቅዪ፤ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ልጅ ላይ ቢወድቅ አያድርስ ነው።

ቅርጫት አትግዢ፤ ቅርጫት መሬት ይይዛል። ሦስት ማዳበሪያ ከረጢት አጥበሽ አፋቸውን ጠምዝዘሽ ስፊና ግድግዳው ላይ በሚስማር ስቀዪ። አንዱ የነጭ፣ አንዱ የቀለም፣ አንዱ የጋራዥ ብለሽ ጻፊባቸው። ልብስ ያወለቀ ሰው ራሱ በየከረጢቱ ይክተት፤ ኪሱንም ራሱ ይፈትሽ። ልጆቹ ጽሑፉን ችላ ካሉ በከረጢቱ ላይ የዚያ ቀለም ቁራጭ ጨርቅ ስፊበት። ሽርጡ ነጩ ውስጥ የገባው የምትለዪው ልብሱ እጅሽ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ ያውም ሲደክምሽ ስለሆነ ነው። አዲስ ሽርጥ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እጥበቶች ለብቻው ይታጠብ። ጥርጣሬ ካለሽ ጫፉን አርጥበሽ በነጭ ጨርቅ እሺው። ነጩ ከቀላ ወይም ከጠቆረ መልሱን አገኘሽ።

ሮዝ የሆነውን ሸሚዝ እስካሁን ካልተኮስሽው ተስፋ አለው። ካውያ ቀለሙን ያጠብቀዋል። ንጹሕ ጥጥ ከሆነ በብዙ ውሃ በተበረዘ በረኪና ለጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፊው፣ ከዚያ ደጋግመሽ አለቅልቂው። በረኪናው ሳይለቅ ፀሐይ ላይ ከወጣ ጨርቁ ቢጫ ይሆናል።

ስለ በረኪና ካነሳን አንድ ነገር ልበል። በሃይላንድ ላስቲክ የምታስቀምጡ እናቶች ተዉ። የጠማው ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል። በራሱ ዕቃ፣ ከልጅ ቁመት በላይ ይቀመጥ። ከአቼቶም ሆነ ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ደግሞ አንድ ባልዲ ውስጥ እንዳይገናኝ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ እንደ እናንተ ባለች ጠባብ ቦታ ሳንባ ያቃጥላል።

አሁን አመድ ስለ መሰሉት ሸሚዞች። ጥፋቱ የአንቺ እጅ አይደለም። የድሬ ውሃ ከመሬት ውስጥ፣ ከኖራ ድንጋይ መካከል ነው የሚወጣው። ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም ያው ድንጋይ ስላለ ነው። ማንቆርቆሪያሽ ሥር የሚጋገረውን ነጭ ነገር እዪው። ደረቅ ሳሙና ከዚያ ካልሲየም ጋር ሲገናኝ አረፋ መሥራቱን ትቶ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሆናል፤ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ያኔ ሰው የሚያደርገው ምንድነው? ሳሙና ይጨምራል። ዝቃጩም ይጨምራል። ለነጭ ልብስ ደረቁን ሳሙና ተይውና በዱቄት ሳሙና እጠቢ፤ እንዲህ ያለውን ኖራ ያዘለ ጠንካራ ውሃ በደንብ ይችለዋል። ደረቁ ለኮሌታና ለእጅጌ ጫፍ ማሻ ብቻ ይቅር። መጨረሻ ላይ በምታለቀልቂበት አንድ ባልዲ ውሃ አንድ የቡና ሲኒ አቼቶ ጠብ አድርጊበት፤ በረኪና በነካው ዕለት ግን በፍጹም። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል። ፎጣውም እንደ ድሮው ይለሰልሳል።

የዱቄቱን መጠን በእፍኝ አትለኪ። ሳሙናው ውስጥ ለዚሁ የተመደበ አንድ አሮጌ ሲኒ ይኑር። ሳሙና የበዛበት ልብስ ለማለቅለቅ ሁለት ባልዲ ውሃ ተጨማሪ ይበላል። በፈረቃ ለሚኖር ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማሽኑን በተመለከተ ለባለቤትሽ እንዲህ በይው። አውቶማቲኩ ከቧንቧ ግፊት ይፈልጋል። ብዙዎቹ ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ካላገኙ ውሃ አይስቡም። ሮቶ በየአንድ ሜትር ከፍታው የሚሰጠው 0.1 ባር ገደማ ነው። የእናንተ መሬት ላይ ተቀምጧል። ማሽኑ ገብቶ መብራቱን እያብለጨለጨ ይቆማል፤ እናንተም ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ፓምፕ ካላስገባችሁ በቀር ባለ ሁለት ገንዳውን ግዙ፤ በአንዱ ታጥቦ በሌላው የሚጨመቀውን። ውሃውን በባልዲ ነው የምትሞዪው፤ ግፊት አይጠይቅም። ዋጋውም ይቀንሳል። ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከመደቡ ጎን ይገባል፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት በሜትር ለኩ። ከላዩ ቆርቆሮ ይኑረው፤ የድሬ ፀሐይ ፕላስቲክ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል።

የባለ ሁለት ገንዳው ትልቁ ጥቅም እጣቢውን አለመድፋቱ ነው። በአንድ የሳሙና ውሃ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ቀለም፣ መጨረሻ የጋራዥ ልብስ ይገባል። የማለቅለቂያውም ውሃ ለሚቀጥለው ዙር የሳሙና ውሃ ይሆናል። በረኪና የገባበት ውሃ ግን ለነጭ ብቻ ነው። የተረፈው ለመጸዳጃ ቤት፤ ከሰዓት በኋላ አቧራው ሲነሳ ደግሞ ግቢው ይረጭበት። ማሞቂያ አያስፈልግሽም። ሮቶሽ ቀትር ላይ ራሱ ለብ ያለ ውሃ ይሰጥሻል።

ባለቤትሽ የሥራ ቱታውን ቤንዚን ነክቶት ያመጣው እንደሆነ ማሽን ውስጥ እንዳይገባ። ሞተሩ ብልጭ ይላል፣ ቤንዚን ይተናል። መጀመሪያ አየር ላይ ተሰጥቶ ሽታው ይጥፋ፣ ከዚያ በእጅ ይታጠብ። የግራሶ እድፍ ደግሞ ውሃ ሳይነካው ላርጎ ይቀባ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይዘፈዝፋል፤ ውሃ የጠጣ ጨርቅ ላይ ላርጎው ይቀጥናል፣ ግራሶው ዘንድ በቅጡ አይደርስም። ደረቁ ላይ ቀብተሽ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሺው፣ ሩብ ሰዓት ተይው፣ ከዚያ ውሃ።

ማሽኑን ስታስገቡ ሶኬቱ ግራውንድ ያለው ይሁን፤ መሬት ላይ የተጋደመ ዲቫይደርና የፈሰሰ ውሃ አንድ ቦታ አይኑሩ።

አማትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ማሽን ኮሌታ አያጠራም፤ ኮሌታ ቀድሞ በእጅ መታሸት አለበት። ነጠላም ማሽን ውስጥ ሲገባ ይሳባል፣ ጥለቱም ይለቃል። እንግዲህ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ የእሳቸው ግዛት ይሁን። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይጠመዝዙ፣ ጥላ ላይ። "እማዬ፣ ይህን ከእርስዎ በቀር ማን ያውቅበታል" ብለሽ ስጫቸው። ማሽኑን ማማት ሲተዉ ታያለሽ።

ሮቶና በርሜልን ሁልጊዜ ክደኚ። ይህን የምለው ለንጽሕና ብቻ ብዬ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ ቺኩንጉኒያ ድሬን አልጋ ላይ አውሏት እንደነበር የረሳ የለም። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ የምትፈለፈለው ጭቃ ውስጥ አይደለም፤ ባልዲ ውስጥ በቀረ ንጹሕ ውሃ ነው። በሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት ገደማ ይበቃታል። እንቁላሉ የዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ መድፋቱ ብቻ አይበቃም፤ በየሳምንቱ በብሩሽ ይፈተግ። ሳፋው ሥራ ሲፈታ ተደፍቶ ይቀመጥ።

አንድ የቀረኝ አሰጣጥ ነው፤ ካውያውን የሚያስቀረው እሱ ነው። የዩኒፎርም ሸሚዝ ከባልዲው ስታወጪ ትከሻውን ይዘሽ ሁለቴ በኃይል አራግፊው፣ ጧ እስኪል። ገልብጪው፤ ውስጡ ወደ ውጭ። ከዚያ ዘቅዝቀሽ፣ የታችኛውን ጠርዝ በሁለቱ ጎን ስፌት ላይ በመቆንጠጫ ያዢ። መቆንጠጫው ትከሻው ላይ ከገባ ጡት የመሰለ ጉብታ ይተዋል፤ ልጆች ይሳሳቁበታል። ኮሌታው ወደ ታች ሲንጠለጠል በራሱ ክብደት ይወጠራል። በጣትሽ አንዴ ጫን ጫን አድርጊው። ሲደርቅ ወዲያው አውርጂው፤ ፀሐዩ ቀኑን ሙሉ ከመታው ቀለሙ ይበላል። እዚያው ገመዱ ሥር አጥፈሽ በየባለቤቱ ደርድሪ። ሶፋ ላይ የተከመረ ልብስ እንደገና ሥራ ነው፤ ሶፋ ላይ እንዳይደርስ።

ጥያቄ፦ እናቴ፣ ድሬ አንቱታ ስለማታውቅ አንቺ ልበልሽ። ላጤ ነኝ፤ ለገሃሬ አንድ ክፍል አለችኝ። ጠዋት ዘፍዝፌ እወጣለሁ፣ ማታ ስመለስ ልብሱ ይሸታል። አጥቤው እንኳ ሽታው አይለቅም። ጂንስስ በስንት ቀን ይታጠባል? ወጥ የነካው ሸሚዝም አለኝ፣ ቀዩ አልለቀኝም።
ላጤው፣ ከለገሃሬ

መልስ፦ አቦ፣ አንቺ በለኝ፤ አንቱ ሲሉኝ የማላውቀው ሰው ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል።

ልጄ፣ እዚህ ሙቀት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የተዘፈዘፈ ልብስ ይበሰብሳል እንጂ አይጸዳም። በሞቀና በቆሸሸ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። መዘፍዘፍ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ካልቻልክ ከነጭራሹ አትዘፍዝፍ። ማታ ስትገባ የዕለቱን ሸሚዝና ካልሲ በአንድ ባልዲ እጠብና ስጣ። ጠዋት ይደርቃል። ላጤ ልብስ የሚከምረው ልብስ ስለበዛበት ነው፤ አንድ ባልዲ የሚሞላ ብቻ አስቀርተህ የቀረውን ሻንጣ ውስጥ ክተተው። የሸተተውን አንድ ጊዜ አቼቶ በገባበት ውሃ አለቅልቀህ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ገልብጠህ አውለው።

ጂንስ ቆሽሾ ካላየኸው ወይም ካልሸተተህ አታጥበው። ማታ አውልቀህ ወንበር ላይ አትጣለው፤ በር ላይ ስቀለው፣ አየር ይግባው። ሸሚዝና ካናቴራ ግን በድሬ ላብ ሁለተኛ ቀን አይለበሱም። ይህን ጎረቤትህም ይመሰክራል።

ለወጡ መላ አለው። ዘይቱን በላርጎ መጀመሪያ አውጣ። ቀዩ ቀርቶ ከሆነ አትጨነቅ፤ የበርበሬን ቀለም ብርሃን ያጠፋዋል። እርጥቡን ሸሚዝ እድፉ ወደ ፀሐይ ዞሮ ስጣው። በደጋ ከተማ ይህን መድኃኒት ብነግርህ ደመናው እስኪገለጥ ጠብቅ ማለት ነበረብኝ። ደም፣ ወተት ወይም እንቁላል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እነዚህ በሙቅ ውሃ ከነካሃቸው ጨርቁ ላይ ይረጋሉ። የሮቶ ውሃ ቀትር ላይ ትኩስ ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ቀዝቃዛ እያለ እጠባቸው።

ጥያቄ፦ ገንደ ቆሬ በጋራ ግቢ ነው የምንኖረው፤ አራት ቤተሰብ፣ አንድ ገመድ። አንዷ ጎረቤቴ ጠዋት አስጥታ እስከ ማታ አታነሳም። ብናገር ጠብ ይሆናል፣ ዝም ብል ልብሴ ሳፋ ውስጥ ይቀራል።
አዲስ ሙሽራ፣ ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ ሙሽሪት፣ በአንድ ገመድ ጎረቤት አይጠላም። ገመዱ ጥቂት ብር ነው፤ ሁለተኛ ገዝተሽ ከመጀመሪያው ክንድ ያህል ከፍ አድርገሽ ወጥሪ። እጅሽ ካልደረሰ ሸሚዝና ሽቲ በማንጠልጠያ ሰቅለሽ በዱላ አድርሺ። በማንጠልጠያ የተሰቀለ ልብስ የሚይዘው ቦታም ትንሽ ነው። ከዚያ ቡና ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ "እስከ 4 ሰዓት የአንዱ ይሁን፣ ከዚያ የሌላው" በዪ። አንዷን ለይተሽ አትናገሪ። በእኛ ፀሐይ ጠዋት 1 ሰዓት የተሰጣ በ4 ሰዓት የማይደርቀው እንደ ጋቢና ብርድ ልብስ ያለ ወፍራም ነገር ነው፤ ለእነሱ የግቢው ግንብ አለ።

ገመዱ የናይለን ይሁን። ሽቦ ከሆነ ይዝጋል፤ ዝገቱ ነጭ ልብስ ላይ ቡናማ መስመር ያሰምራል። ያን መስመር በበረኪና እንዳትነኪው፤ ይብስበታል። ሎሚ ጨምቀሽበት ጨው ነስንሺበት፣ ፀሐይ ላይ ተይው፣ ከዚያ አለቅልቂው። አንዴ ካልለቀቀ ድገሚው። የናይለኑንም ገመድ ከማስጣትሽ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥረጊው፤ የግቢያችሁ አቧራ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው።